ቤታቸውን እየነዱ ቤት ሊሠሩ የሚሄዱ ሰዎች

የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ነገሥት 6፥1-7፤ ኤርምያስ ምዕራፍ 28 እና 29፥1-10

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት እዚህ ናኪቫሌ ሳይሆን ካምፓላ፣ ኮሎሎ ላይ ነው። ባለፈው ሐምሌ የልጄ የዓይን ቀጠሮ ደርሶ ሄጄ ነበር። ቀጠሮው ለሁለት ሳምንት ተራዘመ። የመመለሻ የአውቶቡስ ገንዘብ እንኳ ስላልነበረኝ፣ ኮሎሎ ውስጥ በአንድ ግቢ ምግብ የምትሠራ የአገራችን ልጅ፣ «ወንጌላዊ፣ ሣር የሚያጭድ ሰው ይፈልጋሉ፣ ና» ብላ ጠራችኝ። ሄድኩ። ሣር ማጨድ ነውር አይደለም፣ ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር።

ኮሎሎን የማታውቁ ካላችሁ፣ የኤምባሲዎችና የትልልቅ ግቢዎች ኮረብታ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1962 የእንግሊዝ ባንዲራ ወርዶ የኡጋንዳ ባንዲራ የተሰቀለው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ስሙን በተመለከተ ደግሞ ሰዎች የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። አዊች የሚባል የሰሜን ኡጋንዳ የአቾሊ አለቃ ነበረ። እንግሊዞች ይዘው ከአገሩ አርቀው እዚያ ኮረብታ ላይ አስቀመጡት። ቋንቋውን የሚሰማ፣ የሚያዋየው ሰው አጣ። በቋንቋው «ብቻዬን ነኝ፣ ብቻዬን» እያለ ይጮህ ነበር፣ ኮሎሎ የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። ይህን የነገረኝ የግቢው ዘበኛ ነው፣ እሱም አቾሊ ነው። እኔም ማታ ማታ ከዘበኛ ቤቱ ጎን ተኝቼ የከተማውን መብራት ሳይ ስሙ ልክ ነው አልኩ።

በዚያ ግቢ የባለቤቱ አባትና እናት ከአሜሪካ ለጥየቃ መጥተው ነበር። ሁለቱም ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን ይዘው እኔ የማጭድበት ድረስ ይመጣሉ። እንግሊዝኛዬ የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፣ ሲያቅተኝ ያቺ እህታችን ከኩሽና መስኮት ትተረጉምልናለች። አንድ ቀን ስልካቸውን አውጥተው «ይሄ ቤታችን ነው» ብለው አሳዩኝ። አየሁት፣ መኪና ነው።

አርቪ ይሉታል። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያ፣ ሁሉም አለው። አንዳንዱ እንደ አውቶቡስ ራሱ ይሄዳል፣ አንዳንዱ በሌላ መኪና ይጎተታል። ባጭሩ ጎማ ያለው ቤት ነው። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ጥሩ አልነበረም። እኛ ቤት አጥተን እንሰደዳለን፣ እነዚህ ደግሞ ቤታቸውን ይዘው ሽርሽር ይዞራሉ አልኩ በልቤ።

ሽርሽር ግን አልነበረም። ሽማግሌውና ባለቤታቸው ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በራሳቸው ነዳጅ፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን ነድተው፣ የማያውቁት ከተማ ይሄዳሉ። የሚሄዱት ለማያውቁት ሰው ቤት ለመሥራት ነው። ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚባል የክርስቲያን ድርጅት አለ፣ በአገራችንም ከ1993 ጀምሮ ሠርቷል፣ ኡጋንዳም አለ። ይህ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ አርቪ ያላቸውን በጎ ፈቃደኞች ኬር ኤ ቫነርስ ብሎ ያሰማራቸዋል። መኪኖቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ይቆማሉ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ይሠራሉ። ቀን መዶሻ ነው፣ ማታ እያንዳንዱ ወደ መኪናው ገብቶ ይተኛል። ቤቱ ምጽዋት አይደለም። የሚገባበት ሰውም በእጁ አብሮ ይሠራል፣ ከዚያም ትርፍ የሌለበት ብድር ቀስ እያለ ይከፍላል።

ይህን ድርጅት የጀመሩት ሚላርድ ፉለርና ባለቤታቸው ሊንዳ ናቸው። ሰውየው ገና በወጣትነታቸው ሀብታም የሆኑ ጠበቃና ነጋዴ ነበሩ፣ ትዳራቸው ሊፈርስ ሲል ሀብታቸውን ሰጥተው እንደገና ጀመሩ። ደስ የሚለው ነገር፣ ድርጅቱን በ1976 ከማቋቋማቸው በፊት ሦስት ዓመት ያህል ቤት ሲሠሩ የቆዩት ኮንጎ ውስጥ፣ ምባንዳካ ከተማ ነው፤ ያኔ አገሩ ዛየር ይባል ነበር። ይህን ስሰማ እዚህ ካምፕ ያሉትን ኮንጎዎች ጎረቤቶቻችንን አሰብኩ። የአሜሪካ ነገር ነው የምንለው ነገር በእነሱ አገር ጭቃ ላይ ተሞክሮ የሄደ ነው። ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተርም በ1984 ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር በአውቶቡስ ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው የተበላሸ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ለ19 ቤተሰብ አድሰዋል። የአገር መሪ የነበረ ሰው ከሌሎቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተደራራቢ አልጋ ተኝቶ! በ2019 ደግሞ በ95 ዓመታቸው ቤታቸው ወድቀው ግንባራቸው 14 ቦታ ተሰፍቶ፣ ዓይናቸው ጠቁሮ፣ ናሽቪል ከተማ ለቤት ሥራ ሄዱ። በዲሴምበር 2024 በ100 ዓመታቸው አርፈዋል።

እኔን ግን የያዘኝ የካርተር ነገር አይደለም። ሽማግሌው የተናገሩት አንድ ነገር ነው። «ከሠራናቸው ቤቶች አብዛኞቹ ሲያልቁ አላየንም» አሉ። እነሱ ግድግዳ አቁመው ይሄዳሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጣሪያ ያወጣል። ባለቤቷ ቁልፍ ስትቀበል እነሱ ሌላ ከተማ ናቸው። «አያስከፋም?» አልኳቸው። ሳቁና፣ ለምን ያስከፋል፣ ሴትዮዋ ትገባበታለች እኮ አሉ።

ወገኖቼ፣ እስቲ እናስብ። እኛ ቤት መሥራት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። አገራችን ውስጥ ቤት የሚሠራው በደቦ ነው፣ በወንፈል ነው። ምሰሶ የሚቆምበት ቀን የመንደሩ ሰው ይመጣል፣ ጭቃ ይረገጣል፣ ሴቶች እንጀራና ጠላ ያቀርባሉ፣ ማታ ማገሩ ሁሉ ተመርጎ ያድራል። ወንፈል ግን ብድር አለው። ዛሬ የአንተን እሠራለሁ፣ ነገ የእኔን ትሠራለህ። ይህ የሚሆነው ነገም ሁለታችንም እዚያው ስለምንኖር ነው። ካምፕ ውስጥ ወንፈል ለምን ጠፋብን? እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ እዚህ ማንም ሰው ነገ እዚህ እኖራለሁ ብሎ አያስብም። አንዱ ፕሮሰስ ላይ ነው፣ አንዱ ኢንተርቪው ይጠብቃል፣ አንዱ ስፖንሰር አግኝቷል። ሊሄድ ያለ ሰው የማን ጭቃ ይረግጣል? የሚሄድ ሰውስ ብድሩን መቼ ይመልሳል? ስለዚህ አሥር ዓመት እንኖራለን፣ አሥር ዓመት ሙሉ ግን መንገደኛ ነን።

እነዚያ ሽማግሌዎች ደግሞ መንገደኛ መሆናቸው ሳያግዳቸው ይሠራሉ። በጎማ ላይ እየኖሩ ለሌላው መሠረት ይቆፍራሉ። ብድሩ እንደማይመለስ ያውቃሉ።

ከዚያ ሽማግሌው ጠየቁኝ። «እናንተስ ካምፕ ውስጥ ለአቅመ ደካሞች ቤት የሚሠራው ማነው?» አሉ። እህታችን ከመስኮቱ ተረጎመችልኝ፣ ጥያቄው ግን መጀመሪያውኑ ገብቶኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ማጭዴን ይዤ ሣሬን ማየት ጀመርኩ።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ልናገር፣ ይህን ከተናገርኩ በኋላ ብትቀየሙኝ ተገቢ ነው።

ቤዝ ካምፕ ውስጥ አንዲት እናት አሉን። ስማቸውን አልጽፍም፣ እማማ እላቸዋለሁ፣ አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። እማማ ባለፈው ዓመት ኢንተርቪው ጨርሰው፣ ሜዲካል ጨርሰው በረራ እየጠበቁ ነበር። የቤታቸው የጀርባ ግድግዳ ያኔም ዘንበል ብሎ ነበር። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅመው፣ «ልጄ፣ ይህችን ግድግዳ በሁለት ሠራተኛ ላስጠግናት ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ቆሜ እጄን በራሳቸው ላይ ጭኜ ተነበይኩ። «እማማ፣ ጌታ መንገድዎን ከፍቷል፣ በዚህ ዓመት ይበርራሉ፣ ለሚሄድ ሰው ግድግዳ ምን ያደርግልዎታል?» አልኩ። አሜን አሉ። በዚያ ገንዘብ ሻንጣ ገዙ።

በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንገድ ሲቆም ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስንቱ ቤት እንደ ልቅሶ ቤት ነበር። የእማማም በረራ ቀረ። በሚያዝያ ዝናብ ደግሞ ሌሊት ያቺ ግድግዳ ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን ወደ ውጭ ነው የወደቀችው። ጎረቤታቸው ኮንጎአዊ በሸራው ሥር ገብቶ አወጣቸው፣ እስከ ዛሬ በእሱ ቤት ከልጆቹ ጋር ነው የሚያድሩት። አምስት ልጆች አሉት።

እኔስ ምን አደረግሁ? በማግሥቱ ሄድኩ፣ ጸለይኩ፣ «አይዞዎት፣ ጌታ የተሻለ አለው» አልኩ፣ ወጣሁ። እማማ አንድ ቀን እንኳ «አንተ ነህ እኮ ግድግዳውን ተው ያልከኝ» አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ሻንጣዋን አሁን የዱቄት ማስቀመጫ አድርገዋታል፣ አይጥ አይገባባትም ይላሉ።

እንግዲህ ወደ ቃሉ እንምጣ። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 ላይ የነቢያት ልጆች ቦታ ጠበባቸው። ኤልሳዕን፣ ወደ ዮርዳኖስ እንሂድ፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ምሰሶ እንውሰድ፣ መኖሪያ እንሥራ አሉት። ልብ በሉ፣ ሁሉም እንጨት ያመጣል፣ እያንዳንዱ ግን የሚያመጣው አንድ ብቻ ነው። ኤልሳዕ ሂዱ አላቸው። ፈቀደላቸው፣ ምናልባትም ባረካቸው። ብዙ ጊዜ እኛ አገልጋዮች የምንቆመው እዚህ ላይ ነው። ሂዱ፣ ጌታ ይቅናችሁ። ከመካከላቸው አንዱ ግን፣ ስሙ አልተጻፈም፣ አንተም አብረኸን ና ብሎ ለመነው። ኤልሳዕም እሄዳለሁ አለ፣ ሄደም። ያ ሰው ባይለምነው ኖሮ የቀረው ታሪክ አይኖርም ነበር።

ዮርዳኖስ ደርሰው እንጨት ሲቆርጡ የአንዱ የምሳር ብረት ከእጀታው ወልቆ ውኃ ውስጥ ገባ። ምሳር የሚለው እኛ መጥረቢያ የምንለው ነው። ሰውየው ጮኸ፣ ምክንያቱም መጥረቢያው የተዋሰው ነበር። ካምፕ የኖረ ሰው ይህን ጩኸት ያውቀዋል። የራስህ ዕቃ ቢጠፋ ታዝናለህ፣ የተዋስከው ቢጠፋ ግን ፊትህን ይዘህ የት ትገባለህ? ያኔ ብረት ውድ ነበር፣ ያ ሰው ደግሞ የሚከፍለው ስለሌለው ነው መጀመሪያውኑ የተዋሰው።

ኤልሳዕ የሶርያን ንጉሥ ምክር ከሩቅ የሚያውቅ ነቢይ ነው፣ እዚያው ምዕራፍ ዝቅ ብላችሁ አንብቡት። እዚህ ግን ምን አደረገ? የት ነው የወደቀው? ብሎ ጠየቀ። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አላየሁትም ነበር። ኮሎሎ ላይ በዘበኛው ቤት አምፖል ሳነብ ነው ያየሁት። ነቢዩ ጠየቀ። ሰውየውም ቦታውን አሳየው። እኔ እማማን የት ነው የወደቀው? ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ግድግዳው ጋ ዞሬ አላየሁም። ሳልጠይቅ ተነበይኩ፣ ሳላይ አጽናናሁ።

ከዚያ ኤልሳዕ እንጨት ቆርጦ ወደዚያ ጣለ፣ ብረቱም ተንሳፈፈ። አውጣው አለው፣ ሰውየውም እጁን ዘርግቶ ወሰደው። ተአምሩ እዚያ አበቃ። መጽሐፉ ቤቱ አለቀ እንኳ አይለንም። ግን የሚሠራበት መሣሪያ ተመለሰለት፣ የሰው ዕዳም አልቀረበትም። ጌታ ለአንድ ድሃ ተማሪ የውሰት መጥረቢያ ሲል ብረት አንሳፈፈ። እኛ ተአምር ስንል አውሮፕላን ብቻ ነው የሚታየን።

ሁለተኛው ክፍል ከበድ ይላል፣ ግን እለፈው ብል ሕሊናዬ አይፈቅድም። ኤርምያስ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። ሕዝቡ ተማርኮ ባቢሎን ሄዷል። ሐናንያ በቤተ መቅደስ ቆሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል አለ። ሕዝቡ ምን ያህል እልል እንዳለለት መገመት ይቻላል። ምዕራፍ 29 ላይ ደግሞ ኤርምያስ ለስደተኞቹ ደብዳቤ ጻፈ። ቤት ሥሩና ተቀመጡ፣ አትክልት ተክሉ፣ ልጆቻችሁን አጋቡ፣ ነገሩ ሰባ ዓመት ነው የሚል ነው ሐሳቡ። ማንም የሚወደው ደብዳቤ አልነበረም። ኤርምያስ ግን አትመለሱም አላለም። መመለስ አለ፣ እስከዚያው ግን ዝናብ አለ፣ ሕፃናት አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ።

እኔ ለእማማ የሐናንያን ነገር ነው የተናገርኩት። በእግዚአብሔር ስም። ወገኖቼ ይቅር በሉኝ። ፕሮሰስ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም፣ እንዳይመስላችሁ፣ እኔም ኬዝ አለኝ፣ ስልኬ ሲጮህ ልቤ ይመታል። ጌታ መንገድ ቢከፍት ነገ እሄዳለሁ። ግን ከእንግዲህ የማንም በረራ ቀን በእኔ አፍ አይነገርም። ትንቢት የሚፈልግ ሰው ቢመጣብኝ መጀመሪያ ጣሪያህ ያፈሳል ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው።

ከኮሎሎ ስመለስ ሽማግሌው አንድ የመለኪያ ሜትር ሰጡኝ፣ አሮጌ ነው፣ ቁጥሩ ግማሹ ጠፍቷል። ካምፓላ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፣ ልጄ ጭኔ ላይ ተኛች። ካያብዌ ላይ የምድር ወገብ የሚባለውን ክብ ድንጋይ አለፍን፣ ማሳካን፣ ምባራራን። ከዚያ እስከ ኢሲንጊሮ በተጠጋጋንበት ታክሲ። እንደደረስኩ ቤቴ ሳልገባ እማማ ጋ ሄድኩ። «የት ጋ ነው መጀመሪያ የተሰነጠቀው?» አልኳቸው። ተነስተው በትራቸውን ይዘው አሳዩኝ። የወደቀው ከላይ አይደለም ወገኖች፣ ከታች ነው። የጎረቤቶቹ ሁሉ ውኃ ከቁልቁለቱ በላይ መጥቶ በእማማ ግድግዳ ሥር ነው የሚያልፈው። ቦይ የለም። ጣሪያውም አጭር ነው፣ ጠብታው በቀጥታ ግድግዳው እግር ላይ ይወርዳል። ማንኛውም ግድግዳ ቢሆን ይወድቅ ነበር። እማማ ይህን ገና ሲጀመር ያውቁ ነበር፣ የሚጠይቃቸው ነው ያጡት።

ስለዚህ ሥራው ይህ ነው። ከላይ በኩል ውኃውን ወደ መንገዱ የሚያወጣ ቦይ ይቆፈራል፣ ጉልበት ድረስ። የጀርባው ግድግዳ በአዲስ ምሰሶ ይቆማል። ስምንት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ያስፈልጋል፣ ሦስቱ ተገኝቷል፣ ኮንጎአዊው ጎረቤታቸው ሁለት ሰጥቷል፣ አንዱ ከእኔ ነው። አምስት ይቀራል። አንድ ሰው አንድ ምሰሶ። ጭቃው ሐሙስ ማታ ይረገጣልና ውኃ የምትቀዱ ወጣቶች ጀሪካናችሁን ይዛችሁ ኑ። ደረቅ ሣር ከሐይቁ ዳር እናመጣለን፣ ጭድ የለም ብላችሁ አታስቡ፣ ሣሩ በደንብ ይይዛል። ከመስከረም ዝናብ በፊት መርጎ ማድረቅ አለብን፣ ያለን ጊዜ ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው።

በረራ ያላችሁም ኑ። ቅዳሜ ብትሠሩና ሰኞ ብትሄዱ ጣሪያውን ሌላ ሰው ያለብሰዋል።

ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት እማማ በር ላይ እንገናኝ። ጠላ የለም፣ ሻይና ቂጣ እህቶች አዘጋጅተዋል። ዶማና መጥረቢያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ከሰው የተዋሳችሁት ከሆነ እጀታው ላይ በክር ምልክት እሰሩበት፣ ማታ ከእኔ ጋር ሆነን ለየባለቤቱ እናደርሳለን።